ጥፋታቸውን በጋቢያቸው ቋጥረው የሚመጡት ሰው

አያ ተካ ማረፋቸውን የሰማሁት አግብቼ በምኖርበት በፍላቂት፣ ገበያ ውስጥ ነው። ከአገሬ በሚኒባስ የመጣች ሴት ሽንኩርት እየመረጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ያ ጥፋታቸውን የሚያወሩት ሰውዬ አረፉኮ» አለችኝ። ስማቸውን አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም። በእኛ አገር ሰው ሰብስቦ የገዛ ጥፋቱን የሚያወራ ገበሬ አንድ ብቻ ነበር። «መቼ?» ስላት «ጾሙ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው» አለችና ሽንኩርቷን መምረጥ ቀጠለች። እኔም ጨዌን ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዘመዴ አልነበሩም። ባሌ «ምንሽ ናቸው?» ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ። እሳቸው በሚመሩት የገበሬዎች ክበብ አራት ዓመት ያህል ደብተር ያዥ ነበርኩ። ይህን ብነግረው ደግሞ ምንም ያልነገርኩት መሰለኝ። በአፌ መናገር ድሮም አይሆንልኝም፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

አገራችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራል፤ የሚሆንለትም ንብ ያረባል። ክበቡን ያቋቋመው የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ሲሆን አሥራ ስምንት ቤት አባል ነበር። ሥራው በወር አንድ ቀን ተገናኝቶ ስለ እርሻ መመካከር ነው። ቀኑን የመረጡት አያ ተካ ናቸው። በእኛ ዘንድ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ በሬ አይጠመድም፣ አፈርም አይነካም። ልማት ሠራተኛው ወጣት ነበርና «በበዓል ቀን ስብሰባ ቅር አይላችሁም?» ብሎ ቢጠይቅ አያ ተካ «ማርያም የከለከለችው ሞፈር ነው፤ አፍ መች ከለከለች?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ መልስ፣ በተራ በየአባሉ ማሳ ዳር እንሰበሰብ ጀመር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ስብሰባው የጉራ ነበር አሉ። አንዱ ገብሴ ጉልበት አለፈ ሲል ሌላው የእኔማ ደረት ደረሰ ይላል። አያ ተካ አንድ ቀን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ከጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው መሐል ላይ ዘረገፉት። ቅጠሉ ተኮማትሮ እብጠት ያወጣ የባቄላ ተክል ነበር፤ ቆርምድ የምንለው በሽታ የመታው። «የእኔ ነው» አሉ። «ዓምናም ባቄላ፣ ካቻምናም ባቄላ በዘራሁበት መሬት ዘንድሮም ባቄላ ደገምኩበትና ይኸው። የበቀለውንማ መንገደኛም ያየዋል። ያልበቀለውን አምጡ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ደንቡ ይህ ሆነ። ምክር የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ያጠፋውን ይናገራል። ያላጠፋ ሰው ያዳምጣል። አንዳንዱ መጀመሪያ አፍሮ «እኔስ ዘንድሮ ያጠፋሁት የለም» ሲል አያ ተካ አይከራከሩም፤ ወደ እግሩ ብቻ ይመለከታሉ። ማሳው የሚገባ ሰውና የማይገባ ሰው ከእግሩ ይለያል ብለው ያምኑ ነበር። የተመለከቱት ሰው እግሩን ወደ ጋቢው ሲሰበስብ ሌላው ይስቃል።

እኔ ወደ ክበቡ የገባሁት ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ከዚያ በላይ ለመማር ከተማ ቤት መከራየት ያስፈልግ ነበር። ከእኔ በፊት ደብተሩን ይይዝ የነበረው ሰው ሥራ ፍለጋ ሲሄድ አያ ተካ ቤታችን ድረስ መጥተው አባቴን «ፊደል የቆጠረች ልጅ አለችህ አሉ» አሉት። አባቴ «አለች፤ ግን ድምፅ የላትም» አለ። «እኔ የምፈልገው እጇን ነው» አሉ።

እሳቸው ማንበብ አይችሉም። የተነገረውን ሁሉ ግን በቃላቸው ይዘውታል። አንድ ቀን እንግዲያው ደብተሩ ምን ያደርግልዎታል ብላቸው «እኔ ስሞት ጭንቅላቴን ይዤው ነው የምሄደው» አሉኝ። ስብሰባው ሲጀመር ያለፈውን ወር ያስነብቡኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ደብተሩን ፊቴ ላይ አድርጌ ሳነብ ከኋላ ያሉት «አልሰማንም!» ይላሉ። አያ ተካ «አንገቷን ተዉት፤ ድምፅሽን ብቻ ቀና አድርጊው» ይሉኛል። አመስግነውኝ አያውቁም። ሌላውንም ሰው አያመሰግኑም ነበር። ደህና የሠራን ሰው «ለዓመትም ድገመው» ነበር የሚሉት።

ከሁሉ የማስታውሰው የዘር ገብሱን ቀን ነው። ስብሰባው በእሳቸው ማሳ ዳር ነበር። አንድ አፉ የታሰረ የማዳበሪያ ጆንያ በአህያ አስጭነው አመጡና መሐላችን አስቀመጡት። ሲፈቱት የወጣው ሽታ ከፊት የተቀመጡትን ሁሉ ወደ ኋላ አስፈገፈገ።

ሞላ የሚባል፣ ሳይቀልድ የማይውል ጎረቤታችን አፍንጫውን በኩታው ይዞ «አያ፣ ይህ ገብስ ነው ወይስ የሞተ በቅሎ?» አለ።

«የዘር ገብስ ነው። ሳይደርቅ በዚህ ጆንያ ከትቼ አፉን አሰርኩት። አልቦት፣ ሞቆ፣ በሰበሰ።»

«ታዲያ ይህን እኛ ከምናሸት ለሚስትዎ አይነግሯትም ነበር?»

«እሷማ ቀድማ አሽትታዋለች። አሁን ከእሷ ሸሽቼ ነው እናንተ ዘንድ የመጣሁት።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁና በየተራ እጃችንን ከተን እንድናወጣ አደረጉን። እህሉ ውስጡ ይሞቅ ነበር። «ይህን ሙቀት እጃችሁ አይርሳው» አሉ። «ዘር በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካላለ ወደ ጆንያ አይገባም። ጻፊው።» ጻፍኩት። በዚያ ዓመት ዘር ከወንድማቸው ተበድረው ዘሩ። በክበቡ ካሉት ቤቶች ዘሩን እርጥቡን ያሰረ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ከልማት ሠራተኛው ጋርም የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው። አዲስ ነገር ይዞ ሲመጣ «ልጄ፣ ይህን ዘርተኸዋል?» ይሉታል። «ስልጠና ላይ አይቼዋለሁ» ይላል። «እንግዲያው እኔ በማሳዬ ጥግ ልዝራውና ከሁለት ዓመት በኋላ ጠይቀኝ።»

«ለምን ሁለት ዓመት ያስፈልጋል አያ?»

«የመጀመሪያው ዓመት የዝናቡ ነው። የእኔ ሥራ የሚታየው በሁለተኛው ነው።»

ልጁ አይቀየምም ነበር። እንዲያውም በራሱ ማስታወሻ ሲጽፈው አይቻለሁ።

እንግዲህ የንቡ ነገር የመጣው እኔ ደብተር በያዝኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በነሐሴ ነው።

በዚያ ክረምት ባቄላው አምሮ ሳለ ክሽክሽ ወረደበት። ክሽክሽ ከቅጠሉ ስር ተለጥፎ የሚመጥ ጥቁር ደቃቅ ተባይ ነው። ብዙ ሰው ከከተማ መድኃኒት ገዝቶ አስቀምጦ ነበር፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የፈረንጅ ነው። እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ እለየዋለሁ፤ ምን እንደሚል አላውቅም። በነሐሴ ሃያ አንድ ስብሰባ ሁሉም ስለዚሁ ጠየቀ። አያ ተካ ሁለት ዓመት የሞከሩት ነገር ስለነበር ተናገሩ። ምን ያህል መድኃኒት በምን ያህል ውኃ እንደሚበጠበጥ፣ ፊትን በጨርቅ ማሰር እንደሚያስፈልግ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መርጨት እንደሚሻል አንድ በአንድ አስረዱ። በዚህ መሐል ዝናቡ መጣ። ሰው ጋቢውን እየተከናነበ ሲነሣ አያ ተካ ከኋላው «ስሙ! የሚረጨውም ማታ ነው፤ ቀን ንብ አበባው ላይ አለች!» ብለው ጮኹ። እኔ ደብተሩ እንዳይርስ ዘግቼ በደረቴ አቅፌው ነበር። ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ አልኩ። ቤት ስደርስ ጥጆች ወጥተው ኖሮ እነሱን ሳሯሩጥ ዋልኩ። አልጻፍኩትም።

በማግስቱ ሞላ መጣ። እሱ የአክስቱ ባል ሞተው ሙጃ ከተማ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር ስብሰባው አምልጦታል። «ደብተርሽን አምጪ፤ አያ ምን አሉ?» አለኝ። አነበብኩለት። ልኩን አስደገመኝ፤ በጣቱ ቆጥሮ ያዘ። አመስግኖኝ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ፣ በባለወልድ ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ገና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳለ እትዬ ዘውዴ መጣች። እትዬ ዘውዴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን የምትኖር የክበባችን አባል ናት። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ታሳርሳለች፤ የሚያለብሳትና የሚያኖራት ግን ንቧ ነው። በእጇ ሰፌድ ይዛ ነበር። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አፍ እስከ ገደፉ የሞተ ንብ ነው።

«ይኸው የዘንድሮ አዝመራዬ» አለች።

ሰው ሰፌዱን ከበበው።

«ሰባት ቀፎ ነበረኝ። አምስቱ ባዶ ሆኗል። ሁለት ቀርቶኛል።»

አንድ ሽማግሌ «በሽታ ይሆናል ዘውዴ፤ ክረምቱ ከብዷል» አሏት።

«በሽታ በአንድ ቀን አምስት ቤት ይዘጋል አባቴ?»

አያ ተካ ጎንበስ አሉና አንዷን ንብ አንሥተው መዳፋቸው ላይ አደረጓት። ዓይናቸው ድረስ አቅርበው አዩአት። «ምላሷን አውጥታ ነው የሞተችው» አሉ። «መድኃኒት ነው።» ሌላ አልጨመሩም። ንቧን ወደ ሰፌዱ መለሱ።

እትዬ ዘውዴ ወደ ቄሱ ዞረች። «አባ፣ ይገዝቱልኝ። ያደረገም፣ ሲያደርግ ያየም፣ አውቆ የደበቀም።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደገፉ። ግዝት በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ቄስ ተናግሮ ካሰረው ሰው ቤት በረከት ይርቃል ብለን እናምናለን፤ ለልጅ ልጅም ይተርፋል ይባላል። «እስከ እሑድ ታገሺ» አሏት። «ሰውየው ራሱ ይወጣ እንደሆነ እንይ። ካልወጣ እሑድ እናገራለሁ።»

እኔ ሴቶቹ መሐል ቆሜ ነበር። ሞላ ወንዶቹ መሐል ቆሞ ነበር። እኔ ወደ እሱ አላየሁም፤ እሱ ግን እንዳየኝ አውቃለሁ።

ሰው ሲበተን አያ ተካን ከኋላ ተከተልኳቸው። ሁለት ማሳ ያህል ከሄድን በኋላ ሳይዞሩ «ጥላዬ ነሽ ወይስ ሰው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ አያ።»

እርከኑ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ። ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሳቸው አላጣደፉኝም፣ አላገዙኝምም። በመጨረሻ ለሞላ እንዳነበብኩለትና ሰዓቱን እንዳልጻፍኩት ነገርኳቸው።

«አንብቢልኝ» አሉ።

ደብተሩን ሁልጊዜ ይዤው ስለምሄድ አውጥቼ አነበብኩ። ልኩ አለ፤ የፊት ጨርቁ አለ፤ ነፋሱ አለ።

«እኔ ማታ ብያለሁ?»

«ብለዋል።»

«የት አለ?»

«የለም።»

«ለምን?»

«ዝናብ መጣ። ከዚያ ረሳሁት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። አይዞሽም አላሉኝም። በትራቸውን ይዘው ተነሡና «ሞላ ቤቱ አለ?» አሉ።

ሞላ በራፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስንመጣ ሲያይ ብድግ አለና «አያ፣ ይግቡ፣ ጠላ አለ» አለ።

«አልገባም። ባቄላህን ረጨኸው?»

«ረጨሁት።»

«ስንት ሰዓት?»

«ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ወደ ስድስት ሰዓት ግድም።» ድምፁ ወረደ። «ደብተሩ ያለውን ነው ያደረግሁት አያ። ይችው ያነበበችልኝ፤ ትናገር።»

«ተናግራለች። ቅጥሩ ውስጥ ለምን ዝም አልክ?»

«እሷስ ለምን ዝም አለች?»

አያ ተካ በትራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። «እኔም ዝም ብያለሁ» አሉ። «ንቧን እንዳየኋት ያ መድኃኒት ከእኔ አፍ እንደወጣ አውቄያለሁ። ሰው ለመሄድ ከተነሣ በኋላ የሚነገር ምክር ምክር አይደለም። አስቀምጬ መናገር ነበረብኝ፤ አላስቀመጥኩም። ሦስት ዝምተኛ ሆነናል ማለት ነው። ና፣ እንሂድ።»

ሞላ እንደ አገሩ ደንብ ከእርከን ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አድርጎ ሄደ። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደዚያ ነው የሚሄደው። እትዬ ዘውዴ በሯ ላይ ሆና ድንጋዩን አየችው።

«ይህን ለእርከንህ አድርገው» አለችው። «እኔ ድንጋይ ሞልቶኛል።»

ሞላ ድንጋዩን አወረደ። የሆነውን ነገራት። እኔም የእኔን ነገርኳት፤ ብዙ አልነበረም። አያ ተካም የእሳቸውን ተናገሩ። እትዬ ዘውዴ ሦስታችንንም ሰማችና አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ሞላ «የንብ መንጋ ሲወጣ የመጀመሪያውን ላንቺ አመጣለሁ፤ ሁለት አመጣለሁ» አላት። «ሲመጣ እናየዋለን» አለች። (በጥቅምት ሁለቱንም አምጥቶላታል።)

ከዚያ ወደ አያ ተካ ዞረች። «እሑድ ለቄሱ ምን እንደምላቸው ገና አላወቅሁም። አሁን የምጠይቅዎት ሌላ ነው። ሁለት ቀፎ ቀርቶኛል። መድኃኒቱ በስንት ቤት ተቀምጧል?»

«በአብዛኛው ቤት አለ።»

«ማታ ያሉትን ስንቱ ሰምቷል?»

«በስብሰባው የነበሩት…»

«ዝናብ ሸሽተው እየሮጡ ነበርኮ! እኔ ራሴ ከነበሩት አንዷ ነኝ፤ አልሰማሁም። የንብ ባለቤት የሆንኩ እኔ ካልሰማሁ ማን ይሰማል? ነገ ሌላው ሲረጭ እነዚህም ሁለቱ ይሄዳሉ። ያኔ ግዝቱ ምን ያደርግልኛል?»

አያ ተካ ከበሯ ስንወጣ «ማታ የሚለውን ጻፊ» አሉኝ። ቆሜ ጻፍኩ። «ነገ ጠዋት ዞረሽ በየቤቱ ታነቢዋለሽ።»

«እኔ?»

«የእኔን ቃልማ ዝናብ ወሰደው። ያለው ደብተሩ ነው። ደብተሩን ደግሞ ካንቺ በቀር የሚያነብ የለም።»

በማግስቱ አብረውኝ መጡ። ይናገሩልኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከመጀመሪያው ቤት በር ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ግቢ» አሉኝ። በየቤቱ እንዲሁ አደረጉ። ውሻ ካለ ውሻውን በበትራቸው ይመልሱልኛል፤ ከዚያ ግን ውጭ ይቀራሉ። እኔ ገብቼ ደብተሩን ከፍቼ አነባለሁ። አንዳንዱ «ደግሞ ምን መጣ?» ይላል፤ አንዳንዷ «ተቀመጪ፣ ቅመሺ» ትላለች። የራሳቸውም ቤት አልቀረላቸውም። በገዛ በራቸው ላይ ተቀምጠው «ግቢና ለሚስቴ አንብቢላት» አሉኝ። ሚስታቸው ሰምታ ስታበቃ ወደ ውጭ «ዛሬስ የማንን ጥፋት ይዘው መጡ?» ብላ ጮኸች። «የራሴን!» አሉ ከውጭ። «እሱን አውቄዋለሁ» አለች።

በሁለተኛው ቀን፣ ወደ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ከቁልቁለቱ ስር ያለውን ቤት ለማግኘት ስንወርድ ባለቤቱ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ወደ ባቄላው ሲገባ አየን። ከእኛ ሩቅ ነበር። ማሳው ነጭና ጥቁር አበባ ብቻ ነው፤ የንቡ ድምፅ እኛ ካለንበት ይሰማል። አያ ተካ ጉልበታቸው ያማቸው ስለነበር መሮጥ አይችሉም። ለመጣራት አፋቸውን ሲከፍቱ ሳል ያዛቸው። እኔ ጮህኩ። የሰውየውን ስም ጠርቼ፣ «ቁም! ቁም! ማታ ነው!» እያልኩ ወደ ታች ሮጥኩ። ቆመ። መርጫውን አወረደ። «እሳት ተነሣ ብዬ!» አለኝ ስደርስ። አነበብኩለት። መስመሩ ጠፋብኝና ሁለት ጊዜ ጀመርኩ።

አያ ተካ ቀስ ብለው ደረሱ። «ይህን ድምፅ ስብሰባ ላይ የት ነው የምትደብቂው?» አሉኝ። ከዚያ ሰውየውን ስለ ባቄላው ጠየቁት፤ ስለ እኔ ድምፅ ዳግመኛ አላነሡም።

በሦስተኛው ቀን፣ በቅዳሜ፣ አሥራ ሰባቱን ቤት ጨረስን። የቀረችው እትዬ ዘውዴ ነበረች። እሷም ባቄላ ስለዘራች፣ አባልም ስለሆነች አያ ተካ «ለእሷም ይነበባል» አሉ። በማግስቱ እሑድ ነው። ቄሱ የሚናገሩበት ቀን።

ቀፎዎቿ ከቤቷ ጀርባ በአጥሩ ላይ ነበሩ። አምስቱ አፋቸው ጭር ብሎ፣ ሁለቱ ላይ ንብ ይገባል ይወጣል። እሷ በእነዚያ በሁለቱ መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። አያ ተካ እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቀሩ። እኔ ገብቼ እንደ ሌላው ቤት አነበብኩ፤ ልኩን፣ ጨርቁን፣ ነፋሱን፣ በመጨረሻም «የሚረጨው ማታ ነው» የሚለውን።

«የመጨረሻውን ድገሚው።»

ደገምኩት።

«ማታ ስንት ሰዓት ነው?»

ወደ በሩ ተመለከትኩ። ከበሩ ላይ «ፀሐይ ስትጠልቅ ነዋ!» የሚል የአያ ተካ ድምፅ መጣ።

«አያ ተካ፣ በዚህ ክረምት ፀሐይ ስትጠልቅ ማን ያያታል?» አለች እሷም ወደ በሩ ጮክ ብላ። «ደመና ነው። አንዱ በአሥር ሰዓት ጨለመ ብሎ ይረጫል። የእኔ ንብ ደግሞ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎም ባቄላ ላይ ናት። ይኸው ተቀምጬ እያየኋት አይደል? ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ነኝ!»

«ደግሞስ» አለች ወደ እኔ ተመልሳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከዋዜማው መጥተው ቢነግሩኝ ምናለ? ነገ እረጫለሁ ቢሉኝ የቀፎዬን አፍ እዘጋ ነበር። አንድ ቀን ብትዘጋ አትሞትም።»

አያ ተካ ተነሥተው መጡ። በዚያ ሦስት ቀን ከበር ያለፉት ያኔ ብቻ ነው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ከቀፎው ራቅ ብለው ቆሙ፤ የንቡን አገባብና አወጣጥ ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ «እንዳለችው ጻፊው» አሉኝ። «ማታ የሚለውን ሰርዢው።»

ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። «ከመርጨት አንድ ቀን አስቀድሞ ለባለ ቀፎ መንገር። የሚረጨው ንብ ወደ ቀፎዋ ገብታ ካለቀች በኋላ ነው።» አነበብኩላት።

አንዲት ንብ በእትዬ ዘውዴ እጅ ላይ ዐርፋ ነበር፤ እስክትነሣ ድረስ እጇን አላንቀሳቀሰችም።

«እሱ ነው» አለች። «እንግዲህ ነገ ቄሱን ‹ሰዎቹ ተገኝተዋል፣ ግዝቱ ይቅር› እላቸዋለሁ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ አያ ተካ።

«ለእናንተ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ወጣን። እኔ የሦስቱ ቀን ነገር አበቃ ብዬ ወደ ቤቴ የሚወስደውን መንገድ ያዝኩ። አያ ተካ ግን በትራቸውን ወደ ሌላኛው መንገድ ቀስረው ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው?» አሉኝ። «አሥራ ሰባት ቤት የተሳሳተ ነገር አንብበናልኮ።»

ገና ብርሃን ነበር። ቅርብ ካለው ቤት ጀመርን።